የጋሼ መጫኛ

ዝሆንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በገመድ ነው።

የካቲት 1988 ዓ.ም. ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር፣ ታናሽ ወንድሟ ዘንድ ሰደደችኝ። ጋሼ ነው የምለው። ሰው ሁሉ «የከብት ሐኪሙ» ይለዋል እንጂ የሥራ መደቡስ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ከሐረር እስከ ባቢሌ፣ ከዚያም ወደ ቆላው እየወረደ ላም፣ ፍየልና ግመል ይከትባል። ለዚሁ ሥራ አንዲት ያማሃ ሞተር ተሰጥታው ነበር፤ መቶ ሲሲ፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ ማሰሪያ ብረት ያላት፣ ሰንሰለቷ በሽፋን ውስጥ የሚሽከረከር፣ ስትነሣ ሰማያዊ ጭስ የምትተፋ። የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላዋ አድርጎ በቃጫ መጫኛ ጠፍሮ ያስረዋል። በዕድሜዬ ከማውቃቸው ዕቃዎች የዚያን መጫኛ ያህል ልቤ ውስጥ የቀረ የለም። ወፍራም፣ በዘይትና በአቧራ የጠቆረ፣ እዚህም እዚያም ቋጠሮ ያለበት ገመድ ነው። ቋጠሮው ሲበጠስ የተቀጠለበት ይመስለኝ ነበር።

«ነገ ዝሆን አገር እወስድሃለሁ» አለኝ ከራት በኋላ። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። እኔ በጋሼ ጀርባና በሣጥኑ መካከል ተጣብቄያለሁ። የጀጎልን ግንብ ወደ ኋላ ትተን ቁልቁል ስንወርድ መጀመሪያ ብርድ ነበር፤ ከዚያ ጫቱና የፍራፍሬው ዛፍ እያነሰ፣ ግራሩ እየበዛ፣ አየሩ እየሞቀ መጣ። በሞተር ሲሄዱ አየር እንደ ውሃ ነው፤ ሙቀቱና ቅዝቃዜው የት እንደሚጀምር በጉልበት ይታወቃል። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ይህን አያውቅም። የኤረርን ሸለቆ የማውቀው በጉልበቴ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ድንገት የሆነ ቦታ ላይ፣ ልክ የምድጃ ክዳን እንደተነሣ፣ የቆላው ትንፋሽ እግሬን መታኝ።

ጋሼ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አይፈታም። ፍሪሲዮኑን ለቆ በሁለተኛ ማርሽ ይዟት ይወርዳል፤ እሷም እያጉረመረመች ትታዘዘዋለች። ሸለቆው ውስጥ ከደረስን በኋላ ከዋናው መንገድ ወጥተን በአንዲት ቀጭን መንገድ ወደ ደቡብ ታጠፍን። መንገዷ ገረመችኝ። ድንጋይ የለባትም፤ ደልዳላ ናት። ኮረብታውን ፊት ለፊት አትወጣውም፤ ጎኑን ይዛ ዞር ዞር እያለች፣ ሳታስቸግር ታወጣሃለች። ጋሼ ፊቱን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ በሞተሩ ድምፅ ላይ ጮኸ።

«ይህን መንገድ ማን የሠራው ይመስልሃል?»

«አውራ ጎዳና?»

«ዝሆን።»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሲያስረዳኝ ግን ነገሩ ፊት ለፊቴ ተጽፎ ነበር። ዝሆን ብዙ ቶን የሚመዝን አካል ተሸክሞ ነው የሚኖረው፤ ዳገት ላይ ጉልበቱን አያባክንም። ስለዚህ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ሲሄድ ከሁሉ የቀለለውን ተዳፋት ይመርጣል። ልጅ እናቱን፣ እናት እናቷን እየተከተሉ ያንኑ መንገድ በየዘመኑ ይመላለሱበታል። ተረከዙ ውስጥ እንደ ትራስ ያለ ስብ ስላለ መሬቱን አይቆፍርም፤ ይደለድለዋል። ከዚያ ፍየል ይከተላል፣ ከፍየሉ እረኛ፣ ከእረኛው ግመል። መጨረሻ ላይ የጋሼ ያማሃ። «ቆላ ውስጥ መንገድ ከጠፋህ» አለኝ፣ «ሰፊ ዱካ ፈልግ። ወይ ውሃ ያደርስሃል፣ ወይ ከውሃ ይመልስሃል።»

ጋሼ «ዝሆን አገር» ያለው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን የአዲስ አበባን አሥራ ሦስት እጥፍ ያህላል። ኤረርና ጎቤሌ፣ ዳካታና ፋፈም የሚባሉት ሸለቆዎች ያቋርጡታል፤ ውሃቸው ወደ ዋቢ ሸበሌ ነው የሚወርደው። ጥቁር ጋማ ያለው አንበሳ አለበት፣ አጋዘን አለበት፣ ከርከሮ አለበት። የተከለለው ግን ለዝሆኖቹ ተብሎ ነው፤ በጠቅላላ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የቀሩት እነሱ ብቻ ናቸውና። ወደ ሌሎች ዝሆኖች የሚያደርሳቸው መንገድ የለም። ከኦሞ፣ ከማጎ፣ ከጨበራ ጩርጩራ ዝሆኖች የሚለያቸው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሰውና እርሻ ነው። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። የማውቀው ጋሼ ከአንዲት መንደር ዳር ቆሞ አንድ ሸምገል ያሉ የመጠለያውን ስካውት ሲሳለም ነው። ኦቦ ይላቸዋል። አሮጌ ጠመንጃ አንግተዋል፤ ከጠመንጃው ይልቅ ግን በትራቸውን ነው የሚያምኑት።

ሞተሯን እዚያው ዛፍ ሥር አቆምናት። ሣጥኑን ለመንደሩ ሰዎች አደራ ሰጥተን መጫኛውን ፈታና ትከሻው ላይ ጠመጠመው። ለምን እንደያዘው አልጠየቅኩም። ኦቦ ከፊት፣ ጋሼ መሐል፣ እኔ ከኋላ ሆነን ገባን። ትንሽ ስንሄድ ሽማግሌው አፈር ዘግነው ከደረታቸው ከፍታ ለቀቁት። አቧራው ወደ እኛ መጣ። ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ፤ ነፋሱ ከፊታችን ነው፣ ጠረናችን ወደ ኋላ ይሄዳል ማለት ነው። «ሱታ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ቀስ በል ሲሉ።

መጀመሪያ ያገኘነው ፋንድያ ነው። የቅርጫት ያህል። ኦቦ በበትራቸው ፈልቀቅ ሲያደርጉት ውስጡ ያልተፈጨ የግራር ልጥና የበለስ ፍሬ ዘር ሞልቶታል። በለሱን እዚያ አካባቢ ቲኒ ይሉታል። ዝሆኖቹ ቅጠሉን ከነእሾሁ ይበሉታል፤ ዘሩንም በየሄዱበት ይዘሩታል። ቀጥሎ ልጡ እስከ ሁለት ሰው ቁመት የተላጠ ግራር አየን፤ ቁስሉ ገና እርጥብ ነው። ልቤ ይመታል። ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ጀርባ አንድ ግራጫ ተራራ ተነሥቶ የሚመጣ ይመስለኛል።

ተራራው አልመጣም። አንድ ሰዓት ሄድን፣ ሁለት ሰዓት ሄድን። ፀሐይዋ አናቴን በላችው። በመጨረሻ ወንዙ ዳር ደረስንና ኦቦ ቆመው መሬቱን አሳዩን። እርጥብ ደለል ላይ አንድ ዱካ ታትሟል፤ ክብ፣ የእንጀራ ምጣድ ሊያህል ምንም ያልቀረው። ውስጡ እንደ ሽማግሌ መዳፍ የተሸነታተረ መስመር አለው። ጋሼ ተንበረከከ። መጫኛውን ከትከሻው አውርዶ በዱካው ጠርዝ ዙሪያ በጥንቃቄ አዞረው፤ ጫፉ የገጠመበትን ቦታ በጣቱ ያዘና ቋጠረው።

«የፊት እግሯ ነው። አሁን ተመልከት።»

ከጫፉ እስከ ቋጠሮው ያለውን ሁለት እጥፍ ለካ። ከዚያ የገመዱን ጫፍ ለኔ ሰጥቶ አጠገባችን ያለው ግራር ላይ እንድወጣ አዘዘኝ። ወጣሁ። «ከፍ፣ ትንሽ ከፍ፤ በቃ!» የገመዱ ሌላ ጫፍ መሬቱን ነካ። አምስት ክንድ። «ያዘው እንጂ እንዳታወርደው። የዝሆን የፊት እግር ዱካ ዙሪያው በሁለት ሲባዛ የትከሻዋ ቁመት ነው። ይኸውልህ፣ አሁን አጠገቧ ነው ያለኸው።»

ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ ወደ ታች አየሁ። ጋሼ ከገመዱ ሥር ቆሟል፤ ራሱ ከገመዱ ሦስት ሩብ እንኳ አይደርስም። ከገመዱ ጀርባ ባዶ አየር ነው። ግን ምን ብዬ ላስረዳችሁ፣ ያ ባዶ አየር ሞላ። ጀርባዋን አየሁት። ጆሮዋ የት ላይ እንደሚጀምር አወቅኩ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ብዙ ዝሆን አይቻለሁ፤ በዓይኔ ያየኋቸው ሁሉ ግን ያቺን ባዶ አየር ላይ የቆመችውን አያህሉም።

«ሌሎቹም ቋጠሮዎች...?» አልኩ ስወርድ።

«አዎ» አለ ጋሼ። ሌላ አልተናገረም።

ከዱካው ትንሽ ወረድ ብሎ ወንዙ ቀጥኖ አሸዋው በተገለጠበት ቦታ ጉድጓዶች ነበሩ። ዝሆኖቹ በእግራቸውና በኩምቢያቸው ቆፍረው ንጹሕ ውሃ ያወጡባቸው ናቸው። እነሱ ጠጥተው ከሄዱ በኋላ ሁለት ልጃገረዶች ቢጫ ጀሪካን ይዘው መጥተው ከአንዱ ጉድጓድ በጣሳ እየጨለፉ ይቀዳሉ። ፍየሎቻቸው ከሌላው ይጠጣሉ። እኔም ከዚያ ጠጣሁ። አሸዋ አሸዋ የሚል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ማታ መንደር ስንመለስ ግን ሌላ ነገር ጠበቀን። አንዲት እናት፣ ጋሼ አዴ እያለ የሚያከብራቸው፣ ወንዙ ዳር በመስኖ የዘሩትን በቆሎ ያሳዩናል። ግማሹ የለም። የተረፈውም ተረግጧል። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮ እየደበደቡ ቢያድሩም የሚሰማቸው አላገኙም። ሴትዮዋ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ጋሼን ጠየቁት፤ «ለላሜ መርፌ አለህ። ለዝሆን የሚሆን መርፌ የለህም? የሚያሳምም አይደለም፤ የሚያጠግብ።»

ጋሼ መልስ አልነበረውም። ላሟን በነፃ ከተበላቸው። በማግስቱ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም፤ ሞተሯ ብቻ ታወራለች። ዝሆን ሳላይ መመለሴ አስከፍቶኝ ነበር፣ ልጅ ነኝና። እሱን ያስከፋው ሌላ ነገር እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ሕይወት ወሰደችኝ። አዲስ አበባ ተማርኩ፣ አዲስ አበባ ሥራ ያዝኩ። በ2003 ዓ.ም. ለሥልጠና ናይሮቢ ሄጄ በነበረ ጊዜ አንድ ቀን ጠዋት ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ተሳፍሬ ከከተማዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወዳለው የሙት ልጆች ዝሆኖች ማሳደጊያ አመራሁ። ዳፍኒ ሼልድሪክ ከባሏ ሞት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 ያቋቋመችው ድርጅት ነው የሚመራው። ለጎብኚ ክፍት የሚሆነው ከጠዋቱ አምስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ግልገሎቹ ብርድ ልብስ ለብሰው ከጫካው እየሮጡ መጡ። አረንጓዴ ካፖርት የለበሱ አሳዳጊዎች ትልልቅ ጡጦ ይዘው ይጠብቋቸዋል። ሌሊት አብረዋቸው በረት ውስጥ ያድራሉ፤ ግልገል ዝሆን ብቻውን ካደረ በኀዘን ሊሞት ይችላልና። ዳፍኒ የሚስማማቸውን ወተት እስክታገኝ ዓመታት ፈጅቶባታል፤ የላም ወተት ስብ ሆዳቸው አይችለውም፣ የኮኮናት ዘይት ያለበት ነው በመጨረሻ ያዳናቸው።

አንዱ ግልገል ወደ ገመዱ አጥር መጥቶ ኩምቢውን ዘረጋልኝ። መዳፌ ላይ ተነፈሰ። ሞቃት፣ እርጥብ ትንፋሽ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ግን ወዲያው ያቺ አዴ ትዝ አሉኝ። ይህ ግልገል ሰው እጅ ላይ ለመተንፈስ የበቃው እናቱ ስለሞተች ነው። የባቢሌዎቹ እኮ አልታዩኝም፤ አለመታየታቸው ደህንነታቸው ነበር። እዚያው ቆሜ ወደ ኤረር ለመመለስ ቆረጥኩ።

የሄድኩት በጥር 2006 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት ማግስት፣ በራሴ 125 ሆንዳ። እንዴት በሞተር ትሄዳለህ ያላለኝ ወዳጅ የለም። በአውቶቡስ ብሄድ እኮ ልጅ ሆኜ በጉልበቴ ያወቅኩትን ሸለቆ በመስኮት ነው የማየው።

ከአዲስ አበባ ሐረር 525 ኪሎ ሜትር ነው። ሞጆና አዳማ ድረስ የጅቡቲ ተሳቢዎች ነፋስ እንደ ቅጠል ያወዛውዛል፤ በተለይ ከፊት የሚመጣው ሲያልፍ በደረት ነው የሚመታው። በሰቃ ሐይቅ ላይ፣ መተሐራ ሳልደርስ፣ ውሃው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተኝቷል፤ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱን የሚያባርር ሐይቅ ነው። አዋሽ አደርኩ። በማግስቱ ሚኤሶ አካባቢ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰና አንድ ጎሚስታ እስኪለጥፍልኝ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ከዚያ የጨርጨር ተራሮች። አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ፤ መንገዱ እንደ እባብ እየተጠመዘዘ ሲወጣ ሞተሯ በሦስተኛ ማርሽ ትቃትታለች፣ ከታች ገደሉ በጉም ተሞልቷል። ሐረማያ ስደርስ ቆምኩ። ልጅ ሆኜ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስንሄድ በመስኮት የምቆጥራቸው ወፎች የሚያርፉበት ሐይቅ ያኔ አልነበረም። ከብት ይግጥበት ነበር። ከሞተሬ ወርጄ የሐይቁ ዳር በነበረው ቦታ ላይ ትንሽ ተራመድኩ።

መንገዱን ሙሉ ስለ ዝሆን አስብ ነበር። በ6ኛው መቶ ዘመን የሮማው ንጉሠ ነገሥት የዩስቲንያኖስ መልዕክተኛ ኖኖሶስ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲጓዝ 5,000 ያህል ዝሆን በአንድ ሜዳ ላይ ማየቱን ጽፏል። አምስት ሺህ! ዛሬ ያን ሜዳ የሚያውቀው ሰው ዝሆንን የሚያውቀው በሥዕል ነው። ሐረርም ብትሆን የዝሆን ጥርስ የሚሸጥባት ገበያ ነበረች፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ እንኳ ግጥሙን ትቶ ከቡናው ጋር የዝሆን ጥርስ ነግዶባታል። ያ ሁሉ ጥርስ የሆነ መንገድ ላይ ይሄድ የነበረ ዝሆን ነው፤ መንገዱን ለልጆቹ ሳያሳይ የቀረ። ከዚህ ጉዞዬ በኋላ በዓመቱ፣ መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከስድስት ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ በእሳት ተቃጠለ። አንዳንዱ ሰው ይህ ሁሉ ገንዘብ እንዴት ይቃጠላል አለ። እኔ ግን ይሸጥ ቢባል ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ሐረር ስደርስ ጋሼ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። የሞተሬን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ነው የወጣው፤ አላየኝም። ስኳር በሽታ ዓይኑን እየወሰደበት ነበር። እጁን ሳልቫታዮው ላይ አሳርፎ ሙቀቱን ዳሰሰ። «ካንዴላዋን አጽዳላት፤ እየሳተች ነው» አለኝ፣ ሰላምታ ሳንጨርስ። ትክክል ነበር። በማግስቱ ጠዋት ልወጣ ስል ከግድግዳው ሚስማር ላይ መጫኛውን አውርዶ ሰጠኝ። ሞተሩን መሥሪያ ቤት ከመለሰ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ መጫኛውን ግን አልመለሰም።

የኤረር ትንፋሽ እዚያው ቦታ ላይ ጉልበቴን መታኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ግን ብዙም ደስ አያሰኝም። ያቺ ዝሆን የሠራቻት ደልዳላ መንገድ ላይ አሁን ሞተሩ ብዙ ነው፤ ጫት የጫነ፣ ሦስት ሰው የጫነ፣ ከሰል የጫነ። ግራሩ ሳስቷል። ከዚያ ስድስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ለነዳጅ የሚሆን ጉሎ እንዲያለማ መጠለያው ውስጥ መሬት የተሰጠው የውጭ ኩባንያ ነበር፤ ጫካው በዶዘር ተመንጥሮ፣ ጩኸት ከተነሣ በኋላ ነገሩ ከሸፈ። የምነዳው ቤንዚን እየጠጣች የምትሄድ ሞተር ነውና ይህን ሳስብ እጄ ጋዙን ለቀቅ አደረገ።

ኦቦ አርፈዋል። የመጣልኝ ስካውት ወጣት ነው፤ ኋላዬ ተሳፍሮ በትከሻዬ ላይ እየጠቆመ ይመራኛል። ጋሼ ነው የሚለኝ። ቃሏ ገና ስትጠራኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ ነበር፣ ሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ።

«እዚህ ጋ አጥፋት፣ ጋሼ።»

«ገና ሩቅ አይደለም እንዴ?»

«እነሱ ዘንድ ከደረስን ቆይተናል። በእግራቸው ይሰሙናል።»

እውነቱን ነው። ዝሆን ለኛ ጆሮ የማይሰማ ዝቅተኛ ድምፅ እያወጣ ኪሎ ሜትሮች ተራርቆ ይነጋገራል፤ የመሬቱንም ንዝረት በእግሩ መዳፍ ይቀበላል። ሞተሬን አጠፋሁ። ልጁ አፈር ዘግኖ ለቀቀ። ወደ እኛ መጣ። ሄድን።

ከአንዲት ጉብታ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አሥር ሰዓት ገደማ አየናቸው። አሥራ አንድ ናቸው። መጀመሪያ ግራጫ ድንጋይ መስለውኝ ነበር፤ ድንጋዩ ጆሮውን አርገበገበ። በደለሉ ቀልተዋል፤ የሸለቆውን አፈር ለብሰው የሸለቆው ቀለም ሆነዋል። ሁሉም ሴቶችና ልጆች ናቸው። አንዷ በለስ ከሥሩ ነቅላ እግሯ ላይ እየመታች አፈሩን ታራግፋለች፣ ልክ እናቴ ሰላጣ ስታጥብ እንደምታደርገው። ከሁሉ ትልቋ፣ መሪያቸው፣ ኩምቢዋን እንደ እባብ ቀጥ አድርጋ ወደ እኛ አቅጣጫ አሸተተች። ልጁ ክንዴን ጨበጠው። እስትንፋሴን ያዝኩ። ነፋሱ አልከዳንም፤ ኩምቢዋን አወረደች። ያኔ ነው ከሥሯ የነበረው ብቅ ያለው። ትንሽ፣ ፀጉራም፣ ኩምቢውን ምን እንደሚያደርግበት ገና ያላወቀ። ያነሣዋል፣ ይረግጠዋል፣ ይደናቀፍበታል። በእናቱ ሆድ ሥር በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ወጣ። እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ ለመናገር አልሞክርም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተንቀሳቀሱ። በረድፍ፣ መሪዋ ከፊት፣ ግልገሉ መሐል። በዚያችው ደልዳላ መንገድ ነው የሚወርዱት። ወደ ወንዙ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መሪዋ ቆመች። መንገዷን የእሾህ አጥር ዘግቶታል። ከአጥሩ ወዲያ በቆሎ፣ ከበቆሎው ወዲያ ጎጆ፣ ከጎጆው ጭስ። ኩምቢዋን ወደ አጥሩ ዘርግታ እሾሁን ነካካችው። ቆየች። ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ፤ አንዳቸውም አልገፉም። ጎጆው በር ላይ አንድ ሰው ወጥቶ ቆርቆሮ ሲያነሣ አየሁት። እሱም ቤተሰብ አለው፤ መሬት ቢኖረው ኖሮ ከደጋው ወርዶ እዚህ ባልዘራ። ያቺ አዴ የለመኑት መርፌ አሁንም በማንም እጅ የለም። መሪዋ ዞረች። በመጡበት ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ፣ አያቷ ወዳልመረጠችው መንገድ ወሰደቻቸው።

ከጨለመ በኋላ ብቻ ነው ወንዙን የተሻገርነው። በባትሪ ብርሃን ደለሉ ላይ ትንሿን ዱካ ፈለግኩ። ልጁ እኔ ምን እንደማደርግ አልገባውም፤ ግን ባትሪውን ያዘልኝ። ተንበርክኬ የመጫኛውን ጫፍ በጠርዟ ዙሪያ አዞርኩና ቋጠርኩ።

በማግስቱ ሐረር፣ ጋሼ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። መጫኛውን ጭኑ ላይ አደረግኩለት። ምንም ሳይጠይቅ በጣቶቹ መሄድ ጀመረ። በየቋጠሮው ይቆማል። አንዳንዱን ያውቀዋል፤ «ይቺ ጎቤሌ ዳር ናት»፣ «ይኼ ወንድ ነው፣ ትልቅ»። አንዷ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ፤ «ይቺስ አንተ ዛፍ ላይ የወጣህላት ናት።» ከዚያ ጣቶቹ ወደ ጫፉ ተመለሱ፣ ቅርብ፣ በጣም ቅርብ የሆነውን አዲሱን ቋጠሮ አገኙት። ቆሙ።

ከጫፉ እስከ ቋጠሮው በክንዱ ለካ። አንድ ክንድ አልሞላም። ሁለት እጥፉን ይዞ ከመደቡ ተነሣና ገመዱን መሬት አስነክቶ ወደ ራሱ ሳበው። ከወገቡ አላለፈም። መዳፉን እዚያ ከፍታ ላይ፣ አየር ላይ፣ ዘርግቶ አቆየው።

«በእናቱ ሆድ ሥር ያልፋል?»

«ያልፋል። ሲያልፍ አይቼዋለሁ፣ ጋሼ።»

እጁን አላወረደም። ፊቱን ወደ ጓዳው አዞረ።

«ኧረ አንቺ! ገንፎ አገንፊልን!»

«ማን ወለደ?» አለች እትዬ ከውስጥ።